ከባክቴሪያ ጋር የተደረገ ሽምግልና

እኛ ሰዎች ጠንከር ያለ ነገር ይስማማናል። ጠላው ጠንከር ይበል እንላለን፤ በርበሬው ጠንከር ይበል እንላለን፤ አስተማሪውም ጠንከር ይበል እንላለን፣ የእኛን ልጅ እስካልነካ ድረስ። መድኃኒት ቤት ስንገባማ ጭራሽ ሰላምታችን ራሱ «ጠንከር ያለ የለም?» ሆኗል። ምን እንዳመመን ገና አልተናገርንም እኮ! ከባንኮኒው በስተጀርባ ያለው ሰውዬም ጨዋ ነው፤ ደንበኛ ማሳፈር አይወድም፤ ዘወር ብሎ ጠንከር ያለውን ያወርድልናል። ይዘነው ቤት እንገባለን። ጥቂት ውጠን ሻል ሲለን የቀረውን በወረቀት ጠቅልለን ቁም ሣጥን ላይ እንሰቅለዋለን። ለምን? ለክፉ ቀን። ጎረቤት ትኩሳት ሲይዘው ክፉው ቀን ደረሰ ማለት ነውና አውርደን እንሰጠዋለን። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይመርቀናል። እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ ሌላ የት ይገኛል?

እኔ የዚህ ደግነት ውጤት በየጠዋቱ የሚቀርብልኝ ሰው ነኝ። የምሠራው አሰላ ከተማ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ላቦራቶሪ ስላችሁ ያን ሰልፍ የሚበዛበትን፣ ደም የምትሰጡበትን መስኮት እንዳታስቡ። እሱን አልፋችሁ፣ የልብስ ማጠቢያውን አልፋችሁ፣ የተሰበሩ አልጋዎች የተከመሩበትን አልፋችሁ፣ «ከዚህ በኋላማ ምንም የለም» ስትሉ የምታገኟት አንዲት ክፍል አለች። እዚያ ነው ያለሁት። ሥራዬ ባክቴሪያ ማብቀል ነው። እናቴ ቢቸና ሆና አንድ ቀን በስልክ ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» «የበሽታ ተህዋስ አሳድጋለሁ፣ እማዬ።» «እዚህስ ያድግ አልነበረም? ለዚህ ነው አርሲ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ።

ነገሩ ግን እንደሚመስለው አይደለም። የታማሚው ቁስል በጥጥ ተጠርጎ ይመጣልኛል። ጥጡን እንደ ገንፎ በረጋ ምግብ ላይ እቀባውና እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ባክቴሪያው በቅሎ ይገኛል። ከዚያ በሌላ ሣህን ላይ እንደገና እዘራውና ከላዩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አስቀምጣለሁ፤ እያንዳንዷ ወረቀት አንዳንድ ዓይነት መድኃኒት ጠጥታለች። ሲያድር፣ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ባክቴሪያው ከወረቀቷ ሸሽቶ ዙሪያዋን ባዶ ትቶላት ታያላችሁ። መድኃኒቱን የተላመደው ከሆነ ደግሞ ወረቀቷ ሥር ድረስ መጥቶ፣ ተደግፏት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ይኸው ነው። ይህኛው ያድነዋል፣ ይህኛው አያድነውም የምንለው በዚህ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ባክቴሪያ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፣ ደብዳቤ ተጽፎለት አይቸኩልም።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ለአንዳንዱ ባክቴሪያ ምግብ የበግ ደም ስለሚያስፈልግ ከክፍሌ ጀርባ አንድ በግ አለን። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ፋሲካ ሲደርስ ስለ ላቦራቶሪ ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ቁጥር እንዴት እንደሚጨምር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ።

የማዋለጃ ክፍሉ ሐኪም ዶክተር ኤፍሬም ይባላል። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል፣ እኔው ልመስክርለት። አሰላ የተመደብነው በአንድ ሰሞን ነበር፤ ምሳ አብረን እንበላ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አብረን እናማርር ነበር። ያጣላን ጥጥ ነው። አንድ ሰኞ ከእሱ ክፍል የመጣልኝ ናሙና ቅዳሜና እሑድን መስኮት ላይ ከርሞ ኩበት ሆኗል። ስም የለው፣ ሰዓት የለው። «ናሙናው ደርቋል፣ እንደገና ይላክ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ብዕሬን ባስቀምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አላስቀመጥኩም። «ለምርመራ ባይሆንም ትራስ ለሚሰፋ ሰው ይጠቅማል» የሚል ጨመርኩበት። ወረቀቷ ታዲያ ተማሪዎቹን አስከትሎ ታማሚ በሚያይበት ሰዓት ደረሰችና አንዱ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት። ተሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤፍሬም እኔን ሲያይ ግድግዳ ማንበብ ጀመረ።

ይህን ስነግራችሁ ጥፋቴን እየተናዘዝኩ እንዳይመስላችሁ። ጥጡ ደርቆ ነበር፤ ዛሬም ደረቅ ነው እላለሁ። ግን ኩርፊያው ወደ ሥራው ዘለቀ። ደንቡ ስለሚያስገድደው ናሙና ይልክልኛል፤ ውጤቱን ግን አያየውም። ለሁሉም ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ ያዝዛል። አያቶቻችን ለሁሉም ነገር ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ እኛ ለሁሉም ነገር ሴፍትሪያክሶን እንወጋለን። በእርግጥ ሰው በትኩሳት እየነደደ ሦስት ቀን አይጠበቅም፤ ቶሎ መጀመሩ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ውጤቱ ሲደርስ ማኅደሩ ውስጥ ከበስተጀርባ መወተፉ ነው። ስንት ቀን የደከምኩበት ባክቴሪያ አንባቢ አጥቶ ሲቀር ምን እንደሚሰማኝ የሚገባችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ጽፎ ያልተነበበ ሰው በመካከላችሁ አይጠፋም።

እንዲህ ተኮራርፈን ሳለን ነው ዘይነባ የመጣችው።

ዘይነባ ከዲክሲስ ወዲያ ካለ ገጠር ናት። በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላግላ በሰላም ቤቷ ገብታ ነበር። ሰነባብቶ ቁስሉ አመረቀዘ። መጀመሪያ የተደረገላትን ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ለጥየቃ ሲመጣ አንዱ ማር፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ከቁም ሣጥን ላይ ያወረዳትን እንክብል ይዞ መጣ። እንክብሉ እየተከፈተ ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ተነሰነሰ። የተረፈውን ዋጠችው። አሰላ ስትደርስ ትኩሳቱ ያቃዣት ነበር። ሕፃኗን አማቷ ታቅፋ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች፤ ጡት ለምዳ ጡት ያጣች ልጅ እንዴት እንደምታለቅስ የሰማ ያውቀዋል፤ የእኔ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር።

ባሏ ከድር ናሙናውን በእጁ ይዞ መጣ፤ ስንዴ አራሽ ነው፣ ትከሻው በሬን የሚያክል። ምን ምን መድኃኒት እንደወሰደች ጠየቅሁት። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ቀዩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ ስሙ የተፋቀ አለ፣ የከብት ይመስለኛል ያልኩትም አለ። የግማሹ ቀበሌ ቁም ሣጥን እፊቴ ተከመረ። ደሜ ፈላ። እንዲህ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ሲወስዱት በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል እኮ ብዬ ልጮህበት ስጀምር ራሱን ነቀነቀና አቋረጠኝ።

«ስናር ማለት ነዋ፣ ዶክተር!» አለኝ። ነጭ የለበሰ ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነው።

ስናር ስንዴ መስሎ ስንዴ መሐል የሚበቅል አረም ነው። ከድር አስረዳኝ። የግብርና ባለሙያው ፀረ አረሙን ሙሉውን ርጩ ይላቸዋል። እነሱ ለሰፊው ማሳ እንዲዳረስ ብለው ውሃ ያበዙበትና ግማሽ ግማሹን ይረጫሉ። ስናሩ ቢጫ ይሆናል፤ የሞተ ይመስላል፤ ከዚያ ይነሳል። «በሚመጣው ዓመት ሙሉውን ብታፈስበት እንኳ ይስቅብሃል፣ ወላሂ። ገድለኸው አይደለም፣ አስተምረኸው ነው።»

እኔ አራት ዓመት ተምሬ ከዚህ አሳጥሬ ልናገረው አልችልም። «ታዲያ ይህን እያወቅህ?» አልኩት ወደ ክምሩ እያሳየሁ።

«እሱ አረም ነዋ» አለ ከድር ድምፁ ሰለል ብሎ። «ይቺ ሚስቴ ናት። ሰው ሁሉ ይሻላታል ብሎ ሲሰጠኝ እምቢ ልበል?» ጥጡን ተቀበልኩት። እርጥብ ነበር፣ ስምም ሰዓትም ነበረበት፤ ያዘጋጀችውን ነርስ እግዜር ይስጣት ያሰኛል።

በማግስቱ ባክቴሪያው በቅሎ ወረቀቶቹን እያስቀመጥኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ የክፍሌን በር ሞልተውታል። ከዲክሲስ በሚኒባስ መምጣታቸው ነው። የፊተኛው ሐጂ አማን ናቸው፤ በአካባቢው ያለ ነገር እሳቸው ሳይነኩት አይበርድም ይባላል። ሁለተኛው ጎረቤታቸው አቶ ተክሌ ናቸው፤ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚያው ደጋ ላይ የቀሩ። ሦስተኛው ስማቸውን አልነገሩኝም፤ የእሳቸው ሥራ ራሳቸውን መነቅነቅ ነበር። ወንበር አቀረብኩ።

«አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ ሐጂ አማን። «እሺ እስክትለን አንቀመጥም።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ እሺ በለን።»

ይህን አባባል ለጋብቻ ሲልኩባችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ለባክቴሪያ ሲላክብኝ የመጀመሪያዬ ነው። የመጡት ውጤቱ ዛሬውኑ እንዲደርስላቸው ሊለምኑኝ ነው። ከድር «ነገ ነው የሚደርሰው» ብሎ ሲነግራቸው፣ ነገ ያለ ሰው ልመና ፈልጎ ነው ብለው ተረድተውታል። በዕድሜያቸው ካዩት ነገር አንጻር አልፈርድባቸውም፤ በዚህ አገር ነገ የተባለ ነገር ሁሉ ሽማግሌ ሲገባበት ዛሬ ሲሆን አይተዋል። እኔ ግን ላቤ መጣ። ባክቴሪያው ራሱ ነው በጊዜው የሚያድገው ብዬ አስረዳሁ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሊጥ ማለት ነው አልኩ፤ ሊጥ ሳይቦካ ቢለምኑት ይቦካል?

አቶ ተክሌ አሰቡበት። «ሊጥ እኮ ሙቅ ቦታ ሲቀመጥ ቶሎ ይቦካል» አሉ።

«ሙቅ ቦታ ነው ያስቀመጥኩት፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሙቀቱን ጨምርበታ።»

«ከዚህ በላይ ከሞቀ ይሞታል።»

«ይሙታ!» አሉ አቶ ተክሌ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው። «እኛስ የምንፈልገው እንዲሞት አይደለም እንዴ?»

ሦስተኛው ሽማግሌ ነቀነቁ። እስቲ እናንተ መልስ ካላችሁ ወዲህ በሉ። እኔ ተሸንፌ ቆሜ ሳለሁ ሐጂ አማን ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከሐኪሙ ጋር ሰላም ናችሁ?» አሉኝ። ምነው ብል በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ ስለ ትራሱ ነግራቸዋለች። የሆስፒታሉ አስተዳደር እስከ ዛሬ የማያውቀውን እነሱ ከሚኒባስ ወርደው አንድ ሻይ ሳይጨርሱ ደርሰውበታል። «ሰላም ነን» አልኩ። አላመኑኝም። እያዩኝ ወጡ።

ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ሣህኑን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ባክቴሪያው የሴፍትሪያክሶኗን ወረቀት ተደግፏት ተኝቷል። ዘይነባ እየተወጋችው ያለችው መድኃኒት እኮ ናት! ሌሎቹንም፣ የቁም ሣጥኖቹን ሁሉ፣ ለምዷቸዋል። ከአንዲት ወረቀት ብቻ ሸሽቶ ሰፊ ሜዳ ለቆላታል። እሷም ያረጀች፣ ከፋሽን የወጣች፣ ማንም ስሟን የማይጠራት መርፌ ናት። ስሟን አልነግራችሁም። አውቃችኋለሁ፤ ብነግራችሁ ከዚህ ጽሑፍ ተነስታችሁ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ነው የምትሄዱት።

ወረቀቱን ጽፌ በእጄ ይዤ ወደ ማዋለጃ ሄድኩ። ኤፍሬም ከሩቅ አየኝና ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ደወልኩለት፤ አያነሳም። ለነርሷ ሰጠኋት፤ ነርሷ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው፤ ማኅደሩ እንደ ወትሮው ተከደነ። ከሰዓት ከድር መጣ። ለአዲስ አበባ ሊጽፉላት ነው አለኝ፤ ካልሆነም ሆዷን እንደገና ሊከፍቱት ነው። በሩን ተደግፎ ቆሞ፣ ያ ሁሉ ትከሻ ወርዶ፣ «ልጇን አጠገቧ አስተኛኋት፤ የማን ናት አለችኝ» አለ።

ተናደድኩ። በኤፍሬም ተናደድኩ፣ በማኅደሩ ተናደድኩ፣ በትራሱም ተናደድኩ። አንዲት እናት ልጇን ረስታ ትቃዣለች፤ የሚያድናት ነገር ተጽፎ ከራስጌዋ ተከድኖ ተቀምጧል፤ በመሐል ያለው የሁለት የተማሩ ሰዎች ኩርፊያ ነው። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ጋዋኔን እንደለበስኩ እየሮጥኩ ስወጣ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ሐጂ አማንን ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር አገኘኋቸው። ቀድመውኛል። ኤፍሬምን መኪናው በር ላይ ይዘውት ቆመዋል።

ኤፍሬም ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። «አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል። «መጀመሪያ እሺ በለን» ይሉታል። ጎኑ ቆሜ፣ ሰዓት የለንም፣ አሁኑኑ ሣህኑን መጥቶ ይየው ብዬ ጮህኩ። ሐጂ አማን ከዘራቸውን አግድም ዘረጉብኝ። በጃርሱማ፣ እኛ ሽምግልና የምንለው መሆኑ ነው፣ ሁሉ ነገር ተራ አለው፤ መጀመሪያ እርቅ ነው፣ ሌላው ኋላ ነው። «በቂም ላይ መድኃኒት አይሠራም» አሉኝ። አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጡን። እኔ ስናገር እሱ ዝም፤ እሱ ሲናገር እኔ ዝም። እኔ ስለ ጥጡ መድረቅ ተናገርኩ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ነቀነቁ። እሱ በተማሪዎቹ ፊት ስለመዋረዱ ተናገረ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ነቀነቁ። ለዚህ ሰው ነው የነቀነቁት፣ ለእኔ አልነበረም እንዴ?

ፍርዱ አልዘገየም። «እርቅ ማለት» አሉ ሐጂ አማን፣ «ከሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ መውሰድ ነው። ሙሉ የሚያሸንፍ ሰው ካለ እርቅ አልተደረገም፣ ጦርነት ነው የተደረገው።» የእኔ ግማሽ ስለ ትራሱ ይቅርታ መጠየቅ ሆነ። የእሱ ግማሽ ደግሞ ቤቱ ሳይገባ በፊት ክፍሌ ድረስ መጥቶ ሥራዬን ማየት ሆነ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት ስለ ትራሱ ነው፣ ስለ ጥጡ አይደለም። ተሳሳምን።

ኤፍሬም ክፍሌ መጥቶ ሣህኑን ከመስኮቱ ትይዩ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። የሴፍትሪያክሶኗን ወረቀት በጣቱ ሳይነካ አመለከተኝ። «ይህቺ ናት?» አለኝ። «ናት» አልኩት። ፊቱ ላይ ድንጋጤውን ስላየሁ የትራሱን ነገር ያን ጊዜ ከልቤ ይቅርታ ልጠይቀው ወደድኩ። ሮጠ። አሮጊቷ መርፌ ከመጋዘን አቧራዋ ተራግፎ ወጣች፤ መጠኗ ተለክቶ፣ ሰዓቷ ተጠብቆ ለዘይነባ ተሰጠች። ሁለት ቀን አልሞላም፤ ትኩሳቱ እየሰከነ ሄደ። አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ጭር ብሎ ስሰማ ክፉ ነገር የደረሰ መስሎኝ ወጣሁ። ልጅቷ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና እየጠባች ነበር። ከድር ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ጋዋን ለእንባም ይሆናል።

ኤፍሬም እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ እየደወለ «አደገ?» ይለኛል። አንዳንዴ ኩርፊያው ይናፍቀኛል።

ወግ ጨዋ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ከድር ግን ለልጅቷ አቂቃ ዲክሲስ ድረስ ጠራኝ፤ በእናቷ ሕመም የዘገየ የስም ማውጫ ድግስ ነው። ለእኛ ለክርስቲያን እንግዶች አቶ ተክሌ በእጃቸው ያረዱት በግ ለብቻው ተሠርቷል። ዘይነባ በእግሯ ቆማ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። ከድር ልጁን በመርፌዋ ስም ሊሰይማት ቆርጦ ተነስቶ እንደነበርና ሐጂ አማን በስንት ልመና እንዳስተዉት ነገረኝ። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሳለ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘው። የዲክሲስ መድኃኒት ቤት ባለቤት ነው።

«ገለቶማ!» አለኝ ምስጋናውን በኦሮምኛ ጀምሮ ወደ አማርኛ እያሻገረ። «ያቺ መርፌ እንዴት ያለች ናት! ከድር ካወራላት ወዲህ ሰው ሁሉ እሷን ብቻ ነው የሚለኝ። ለሳል እሷን፣ ለወገብ እሷን፣ ለጥርስ እሷን። ከአዳማ ነው የማስመጣው፤ መደርደሪያ ላይ አትቆይም።»

በዚህ አያያዝ ያቺ አንዲት ሰፊ ሜዳ ዓመት ሳይሞላ ትዘጋለች፤ ቀጣዪቱ ወላድ ከዚህ ስትመጣ ለኤፍሬም የማሳየው ወረቀት አይኖረኝም። ለሰውዬው አስረዳሁት፤ ገባኝ ገባኝ እያለ ጥብስ ጨመረልኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ክልክል ነው አልኩት፤ እሱም ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ማን ይሰማኛል? ዞር ስል ሦስቱ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አያችሁ ምን እንዳደረግሁ? እኔ፣ ያ ሽማግሌ ሲላክብኝ በላብ የተጠመቅሁት ሰውዬ፣ ተነስቼ እፊታቸው ቆምኩና «እሺ እስክትሉኝ አልቀመጥም» አልኳቸው።

ሐጂ አማን ደስ አላቸው፤ ልጁ ሰው ሆነ ዓይነት ነገር። ጉዳዩን ከአፌ ተቀብለው፣ ከዘራቸውን አንስተው፣ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱት። ከሩቅ አያለሁ። ሰውዬው እጁን ያወራጫል፤ ሐጂ ትከሻውን ይዳብሳሉ፤ አቶ ተክሌ ከዘራቸውን ይተክላሉ፤ ሦስተኛው ይነቀንቃሉ። ዘይነባ ልጇን አምጥታ እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ክብደቷ ጥሩ ነው፣ ትራገጣለች። ቆይተው ሁሉም ተቃቅፈው ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል።

«አለቀ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ አማን።

«አይሸጥም?»

«እንዲህማ አይባልም» አሉ በርኅራኄ። «ጨርሰህ አትሽጥ እንዳንለው ሰውዬው የልጆች አባት ነው። እንደ ልብህ ሽጥ እንዳንለው አንተ ታዝናለህ። ስለዚህ አስማማናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው ሙሉውን አይሰጥም። የሚሰጠው ግማሽ ግማሹን ብቻ ነው።»

ከድርን አየሁት። ከድር አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። አፌን ልከፍት ስል ሐጂ አማን ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘርግተው ነበር፤ ድግሱ በሙሉም ተከትሏቸው ዘርግቷል። ልጅቷ ትደግ አሉ፣ እናቷ ትኑር አሉ፣ መድኃኒቱ ይባረክ አሉ። እኔም ልጅቷን እንዳቀፍኩ አሜን አልኩ። ሽማግሌ ሲመርቅ ሌላ ምን ይባላል?